አርባ ሁለት አልጋ ለየቡ ሠርግ

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ጅማ

የኮሌጃችን ጥበቃ መታወቂያዬን ሁለቴ አገላብጦ አየና "በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?" አለኝ።

"አልጋ ልይዝ" አልኩት። ከአፌ እንደወጣ ስህተቱ ገባኝና "ለአርባ ሁለት ሰው ነው፤ ለሠርግ" ብዬ ጨመርኩ። ይኼም ነገሩን አላሻሻለውም። በሩን ግን ከፈተልኝ።

የታኅሣሥ ብርድ ነው። አስፋልቱ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የእሳት ጭላንጭል ይታያል፤ ሁለት ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። የተከራየነው ሚኒባስ ሹፌር ኑረዲን ቀድሞኝ ደርሷል። ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳዎቹን የጀመረ ሰው ነው። አንድ ሰው ገና ይቀረናል፦ ሙሽራዋ።

ሙሽራዋ ሜላት የአክስቴ ልጅ ናት። እናቷን እታባ እላታለሁ፤ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለዚህ "ቤዛ፣ አንቺ እዚያው ጅማ ስለሆንሽ የእንግዶቹን ማደሪያ ጨርሺልን" ስትለኝ እምቢ የሚል ቃል አልነበረኝም። ሠርጉ በጥር ነው፤ የሚደረገውም ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ፣ የሜላት እጮኛ ጓደኛ ባለው የቡና እርሻ ውስጥ። ከአዲስ አበባ አርባ ሁለት ሰው ይመጣል። የጅማ ደህና ሆቴሎች በዚያ ሳምንት ለአንድ ትልቅ ስብሰባ ተይዘዋል።

እኔ ግን መፍትሔ አግኝቼ ነበር። የክፍሌ ልጅ የቡ የሚኖሩትን አጎቱን፣ ሐጂ ከድርን፣ በስልክ አገናኘኝ። "አርባ ሁለት አልጋ ይገኛል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ስድሳም አለን፣ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉኝ። ወዲያው ለእታባ ነገርኳት። እታባም ጥሪ ካርዱ ላይ "የእንግዶች ማደሪያ እዚያው የቡ ተዘጋጅቷል" ብላ አሳተመች። ካርዱ አሁን በአርባ ሁለት ሰው እጅ ነው። ዛሬ የቀረን አልጋዎቹን አይቶ መመለስ ብቻ ነው።

ሜላት ትናንት በአውሮፕላን ገብታ ጅማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዛ አድራለች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያለችው ራሷ ናት፤ የወጣችው አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ነጭ ጫማ አድርጋለች። ወደ ቡና እርሻ በነጭ ጫማ የሚሄድ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ኑረዲን ከተማውን ሳንጨርስ ጠየቃት። "ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ምን አመጣችሁ?"

"ዴስቲኔሽን ሠርግ ስለሆነ ነው።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

"ሰው ከሚኖርበት ራቅ ብሎ የሚደረግ ሠርግ።"

"የቡ ሰው ይኖራል እኮ" አለ ኑረዲን።

ሜላት የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች።

ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት፤ የቡ

የቡ ደጋግማ የምታንቀላፋ የምትመስል፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ግን ማንም የማይቀመጥባት ከተማ ናት። መንገዱ ዳር ጆንያ ተደርድሯል። አህዮች፣ ሞተር ሳይክሎች፣ ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች ይተላለፋሉ። ቡናው ከዋንዛና ከግራር ጥላ ሥር ቀልቶ ቆሟል። ሠርጉ የሚደረግበት እርሻ ከሐጂ ከድር አጥር ማዶ ነው።

ሐጂ ከድር ነጭ ቆብ አድርገው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በር ላይ ተቀበሉን። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁ። ከዚያ "ኮታ፣ ኑ" ብለው ወደ ጓሮ መሩን።

"ይኸው አልጋችን።"

በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ከወገብ ከፍ ተደርጎ የተወጠረ ሽቦ። በላዩ ቀይ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ቡና። እንዲህ ያለ መደዳ እስከ አጥሩ ድረስ ተዘርግቷል። አራት ሴቶች በእጃቸው እያገላበጡ ነው።

"ክፍሎቹስ?" አለች ሜላት።

"የምን ክፍል?"

"የሰው።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጫማዬን አየሁ። የስልክ ንግግራችን አሁን ቃል በቃል ታወሰኝ። "የሚመጣው እርጥብ ነው?" ብለውኝ ነበር፤ እኔ የዝናብ ነገር መስሎኝ "በጥር ደረቅ ነው" አልኳቸው። "ጥላስ ይፈልጋል?" ሲሉኝ "ደስ ይላቸዋል" ብያለሁ። ኮሌጅ የገባሁ ሰው ነኝ። ቡና ማድረቂያው አልጋ እንደሚባል አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ አላውቅም፤ አልጋ ስል ፔንሲዮን ብቻ የሚመጣልኝ የከተማ ልጅ ነኝ።

ኑረዲን ተቀምጦ ሳቀ። "ሁሉንም እዚህ ካሰጣችኋቸው በሦስት ሳምንት ይደርቃሉ። በየጊዜው ማገላበጥ ብቻ ነው።"

ሜላት ግን ሌላ ሐሳብ ውስጥ ገብታለች። ወደ ቡናው ዛፍ ጠጋ ብላ ስልኳን አወጣች። "ሐጂ፣ ጥር ላይ ይኼ ቀዩ እንዳለ ነው አይደል?"

"በጥር? እስከዚያ ለቀማው አልቋል።"

"ጥቂት ዛፍ ሳትለቅሙ ብትተዉልንስ?"

"ለምን?"

"ለፎቶ።"

ሐጂ ዛፉንም እሷንም አዩ። ከዚያ ለሴቶቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሯቸው። አራቱም ሳቁ። ኑረዲንን ምን እንዳሉ ብጠይቀው "ይቅርብሽ" አለኝ።

ሐጂ ግን የሴቶቹ ሳቅ ሲያልቅ ወደ ጉዳያችን ተመለሱ። "ቡናው አልጋ ካለው ሰው አያጣም" አሉ። "እኔ ቤት አምስት ሰው ያድራል። የቀረውን ለአሥር ጎረቤት እናካፍላለን። ለለቅሶ ከዚህ የበለጠ ሰው አሳድረናል፤ ለደስታማ ምን ችግር አለ?"

የእፎይታ ትንፋሽ ልተነፍስ ስል ሜላት ቀደመችኝ። "ሰው ቤት? እንግዶቼን ሰው ቤት አላስገባም። ምን ይሉኛል?"

ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ሐጂ ቆባቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ እኔ ለጁምዓ ልዘጋጅ" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ለጁምዓ ገና አራት ሰዓት ይቀር ነበር።

ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ሸቤ

ወደ ጅማ ተመልሰን በቦንጋ መንገድ ሸቤ ደረስን። ሜላት ሸቤን የመረጠችው ጫካ ስላለው ነው። ጫካው በእርግጥ አለ፤ በሁለቱም ወገን መንገዱን አጥሮ ይታያል። እንግዳ ግን ጫካ ላይ አይተኛም።

አንድ ፔንሲዮን አገኘን። በሩ ላይ "ቪአይፒ" ተጽፏል። ክፍሎቹ ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ባሊ፣ አንድ የፕላስቲክ አበባ አለ። አበባው ላይ አቧራ ተኝቷል፤ ከእንግዶቹ በፊት አልጋ የያዘው እሱ ነው። ባለቤቷ ቀይ ሻሽ ያሰሩ፣ ፈጣን ሴት ናቸው።

"ቪው አለው?" አለች ሜላት።

ሴትዮዋ ወደ ኑረዲን አዩ። "ምን አለች?"

"መስኮት ማለቷ ነው" አለ ኑረዲን።

"መስኮት አለው። ግን አይከፈትም።"

ሜላት ስልኳ ላይ የያዘችውን ዝርዝር አነበበችላቸው፦ ሙቅ ውሃ፣ ነጭ አንሶላ፣ የፀጉር ማድረቂያ። ሴትዮዋ እስኪያልቅ በትዕግሥት ሰሙና "ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?" አሏት።

"አዎ።"

"እና ይኼን ሁሉ ቤትሽ አጥተሽው ነው እዚህ የመጣሽው?"

ኑረዲን መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ። እኔ ሴትዮዋን አመስግኜ፣ በማስታወሻዬ "ሸቤ፦ ስድስት" ብዬ ጻፍኩ። ለአርባ ሁለት ሰው ስድስት። መጻፉ ራሱ አያስፈልግም ነበር፤ ግን እታባ ሁሉንም ጻፊ ብላኛለች።

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ አሰንዳቦ

አሰንዳቦ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ናት። ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ጎማ የሚያስተካክለው፣ ሙዝ የሚሸጠው፣ ሻይ የሚያቀርበው ሁሉ ለሹፌሮች ነው የሚሠራው። ሜላት ጾም ስለያዘች ሽሮ አዘዝን። ሽሮው ጥሩ ነበር። ሜላት ግን ሳህኑን ፎቶ ሳታነሳ አልፋዋለች፤ ይህ በእሷ ዘንድ የመጨረሻው ፍርድ ነው።

መንገዱ ዳር ያለው ሆቴል ሃያ ሁለት ክፍል አለው። ሁለት ሁለት ሰው ቢተኛ ይበቃል። ባለቤቱ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። የአንዱን ክፍል ዋጋ ነገረን፤ ደህና ዋጋ ነበር። ልክ ያኔ ሜላት "ለሠርግ ስለሆነ አንሶላው አዲስ ይሁንልን" አለች።

"ሠርግ ነው እንዴ?" አለ ሰውዬው፤ ዋጋው እዚያው ቆመን ሦስት እጥፍ ሆነ።

"ይህችን ቃል ምናለ ባታወጫት" አላት ኑረዲን።

"አሁን ያልከው ዋጋስ?" አልኩት እኔ፣ ባለቤቱን።

"እሱ ለሹፌር ነው።"

"አልጋው ያው አይደለም?"

"አልጋው ያው ነው" አለ በሐቅ። "ሰውየው ነው የሚለያየው።"

ደግሞም ርቀቱ አለ። ከአሰንዳቦ ጅማ፣ ከጅማ የቡ። እንግዶቹ በሌሊት ተነስተው ለሠርግ ሳይሆን ለጭነት የወጡ ሹፌሮች ይመስላሉ። ሜላት ራሷ ይህን ስታሰላ ፊቷ ተለወጠ።

ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ስለነበር ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሻንጣዋን አወረድኩላት። ተቆጥታ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር።

"እስከ ማታ ካልተገኘ ሠርጉ አዲስ አበባ አዳራሽ ይሆናል" አለችኝ። "አንቺ ደግሞ አርባ ሁለቱም ጋ ደውለሽ ማደሪያው ስህተት ነበር ትያለሽ። ለእማዬም አንቺው ንገሪያት።"

ልክ ናት። አልጋ አለ ያልኩት እኔ ነኝ። ያሳደገችኝ ሴት በእኔ ቃል ካርድ አሳትማለች።

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ የቡ

"ወደ የቡ መልሰኝ" ስለው ኑረዲን አልቀለደም። መሪውን ወደ የቡ አዞረ።

ሐጂ ከባለቤታቸው ከእማማ ዘይነባ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። አቮካዶ ተቆርጦ፣ ስኳር ተነስንሶበት፣ ከዳቦ ጋር ቀረበልኝ።

"ትናንት ስለተባለው ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"ምን ተባለ? አልሰማሁም" አሉ ሐጂ። ሰምተዋል።

"እርስዎ ያሉት ነገር… ቤት ለቤት ማሳደሩ… አሁንም ይሆናል?"

ሐጂ ከመመለሳቸው በፊት እማማ ዘይነባ ገቡበት። "ሠርጉ የት ነው ያልሽው?"

"እዚህ፣ ከአጥራችሁ ማዶ ያለው እርሻ።"

"እኛ ተጠርተናል?"

ዝርዝሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ የማውቀውን ነገር ገና እንደማጣራ ሆኜ። አርባ ሁለት ስም፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ። ከታች ፎቶ አንሺ፣ ሜካፕ የምትሠራ፣ ድሮን የሚያበር። የቡ የሚለው ቃል የሚገኘው በአንድ መስመር ላይ ብቻ ነው፦ "ጥበቃ፣ ከየቡ፣ ሁለት"።

"የለንበትም አይደል?" አሉ።

"የላችሁበትም፣ እማማ።"

"እንግዲህ አሥራ አንድ ቤት እንግዳ ያሳድራል። ውሃ ያሞቃል፣ አንሶላ ያነጥፋል፣ ቁርስ ያበላል። ቀን ደግሞ ከአጥር ውጭ ቆሞ ዘፈኑን ያዳምጣል?"

"ዘይነባ፣ ተይ እንጂ" አሉ ሐጂ።

"አልተውም። ልጅቷ ስማችንን ትጻፍ። ያሳደረ ሰው ይጠራል። ስንመጣ ደግሞ የሙስሊም ድስት ለብቻው ይሁን፤ እሱን እኔ ራሴ መጥቼ አሠራዋለሁ።"

ሐጂ ወደ እኔ አዩ። ከትናንት ወዲህ የሚጠብቁት ይህንን ነበር፤ ለመናገር ግን ክብራቸው አልፈቀደም።

ስልኬን አወጣሁ። ሜላት ገና መሳፈሪያው ጋ ናት፤ ከኋላዋ የበረራ ጥሪ ይሰማል።

"አልጋ ተገኘ" አልኳት።

"የት?"

"የቡ። አሥራ አንድ ቤት።"

"ሰው ቤት።"

"ሰው ቤት። ሌላ የለም፤ አብረን ነው ያየነው።"

"ሙቅ ውሃስ?"

"ያሞቃሉ።"

"እሺ፣ ይሁን" አለች፤ ውለታ እንደሚውል ሰው።

"አንድ ነገር አለ። የሚያሳድሩትም ሠርጉ ላይ ይጠራሉ።"

"ቤዛ፣ ወንበሩ የተከራየነው ለአርባ ሁለት ሰው ነው።"

"እንግዲያው ለአርባ ሁለቱ ሌላ ማደሪያ ፈልጊ።"

ለሜላት እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ስልኩን ግን ከጆሮዬ አላነሳሁም። የበረራው ጥሪ ሁለተኛ ጊዜ ተነገረ።

"ስንት ናቸው?" አለችኝ በመጨረሻ።

እማማ ዘይነባ በጣታቸው እየቆጠሩ ነው፤ የቤቱን ጌታ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አማቱን በስም በስም። የቀኝ እጃቸውን ጨርሰው ወደ ግራው አለፉ፤ ግራውንም ጨርሰው እንደገና ከቀኙ ጀመሩ።

"እየተቆጠሩ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች ገና ናቸው" አልኳት።

ሜላት "ጨርሰሽ ዝርዝሩን ላኪልኝ" ብላ ልትሳፈር ሄደች። እኔ አዲስ ገጽ ገለጥኩና መጻፍ ጀመርኩ።