ካፒቴኑና አሥራ ሰባተኛው ሥዕል

ሰፈራችን «ካፒቴን» የሚለው ሰው መርከብ ረግጦ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ተራ የመንገደኛ ሻንጣ ሲመዝን ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከአውቶቡሶቹ ግን በአንዱም ተሳፍሮ ርቆ አልሄደም። ይልቅ የሄዱ ሰዎች የጻፉትን ይሰበስባል። ያውም እንዲያው የተገኘውን መጽሐፍ አይደለም፤ መቶ ዓመት ያለፋቸው፣ ሥዕሎቻቸው ታትመው ካበቁ በኋላ በሰው እጅ፣ በብሩሽ፣ አንድ በአንድ ቀለም የተቀቡ የጉዞ መጻሕፍትን ነው። አርባ አንድ አሉት። ቁም ሣጥኑን ስለሞሉት የሚስቱ ቀሚሶች በር ጀርባ ወዳለ ምስማር ተሰደዋል። እሷ የልብስ ስፌት አስተማሪ ናት። «ጣውንቶቼ አርባ አንድ ናቸው፤ ደግነቱ ቀለብ አይጠይቁም» እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

ከአርባ አንዱ አንዷ ግን የጎን ውጋት ሆናበት ኖራለች። ሃያ አራት ሥዕል ሊኖራት ሲገባ ያላት ሃያ ሦስት ነው። አሥራ ሰባተኛውን አንድ እግዜርን የማይፈራ ሰው በምላጭ ቆርጦ ወስዶታል፤ የቀረችው ጣት የማትሞላ የወረቀት ጠርዝ ብቻ ናት። ሆኖም ሥዕሉ ፊት ለፊቱ ካለው ባዶ ገጽ ጋር ለዘመናት ተጣብቆ ስለኖረ፣ ቀለሙ እዚያ ላይ ጥላውን ጥሏል፤ ደብዛዛ፣ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ወደብ፣ ዓሣ የተሸከሙ ሴቶች፣ አንድ ቢጫ ጃንጥላ። ካፒቴን ያን ጥላ አሥራ አንድ ዓመት ሲያይ ኖረ። ሚስቱን እንደዚያ አላያትም፤ ይህን ያለችው ራሷ ናት።

አንድ ማክሰኞ የለመደው ፀጉር አስተካካይ ታመመና ከገበያው ማዶ ወዳለው ሌላ ሱቅ ገባ። ሰውየው ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮለት መላጨት ሲጀምር ካፒቴን ቀና አለ። መስታወቱ ውስጥ ያቺ ጥላ ቁጭ ብላለች፤ ያውም ደምቃ። ጃንጥላው በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ፣ ልክ እንደሚያውቃት። ከጀርባው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል መስታወቱ ገልብጦ አሳይቶት ነው። በቀጥታ ቢያየው ኖሮ ላያውቀው ይችል እንደነበር ራሱ ያምናል። ድንገት ዞረ፤ ምላጩ ጆሮው ሥር ነበር። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል።

ሥዕሉን የሰቀለችው፣ ሱቁ የተከፈተ ቀን ከመንገድ ዳር ገዝታ፣ የፀጉር አስተካካዩ እናት ነበረች። አሁን በሕይወት የለችም። ካፒቴን ለመነ፣ አስለመነ፣ ሦስት መጽሐፍ በምትኩ ልስጥህ አለ። ሰውየው ወይ ፍንክች።

ከዚያ ወዲህ ካፒቴን በየሳምንቱ መመላለስ ጀመረ። የሚቆረጥ ፀጉር አልቆ ቅንድብ ላይ ተደረሰ። ሽቶ ሽቶ እየሸተተ ሲገባ ሰፈሩ «ሴት ይዟል» ብሎ አወራ፤ እኔም ሁለት ቤት አድርሻለሁ፣ አልዋሽም። ሚስቱ ሰምታ ተከተለችው። በመስኮት ስታይ ባሏ ተላጭቶ አልቆ ግድግዳ ላይ አፍጥጧል። ሴት ብትሆን ይሻል ነበር ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በመጨረሻ መጽሐፏን በፎጣ ጠቅልሎ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ሥዕሉን ከፍሬሙ አውጥቶ ከተረፈችው ጠርዝ ጋር አስጠጋው፤ ምላጩ የተንሸራተተባት ቦታ እንኳ ሳትቀር ገጠመች።

«ጋሼ፣ የዚህች መጽሐፍ ናት፤ አልክድም» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ግን እናቴ የሰቀለችልኝ እዚህ ነው። መጽሐፉ ራሱ ለምን ወደዚህ አይመጣም?»

ካፒቴን መጽሐፏን መልሶ ጠቅልሎ ወጣ። የተቆረጠ ፀጉርና የሳሙና አረፋ መሃል ልትቀመጥ! ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። በአራተኛው ሚስቱ መቀሷን አስቀመጠች።

«አንተ ሰው፣ የፈለግከው መጽሐፏ እንድትሞላ ነው ወይስ ቁም ሣጥን ውስጥ እንድትቆለፍ?»

መጽሐፏን ከነፎጣዋ አነሣ። ጫማውን አደረገ።

አሁን መጽሐፏ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ፣ መስታወት የተከደነ ሣጥን ውስጥ ናት። አሥራ ሰባተኛው ሥዕል በስስ ሙጫ ቦታው ተመልሷል። ሰኞ ሰኞ ካፒቴን ይመጣል፤ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ አንድ ሥዕል ይገልጣል። ግማሽ ፊታቸው አረፋ የሆነ ደንበኞች ይከቡታል፤ ፀጉሩ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሰው ከተጠጋ ይቆጣል። ባለፈው ሰኞ ወደቡ ተራው ነበር። አንድ የታክሲ ሾፌር አንገቱን አሰገገና ሁለተኛዋ ሴትዮ አንድ ዓሣ ጥላለች፣ አላወቀችም አለ። ካፒቴን መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። እውነት ነው፤ ከተረከዟ ኋላ ጥፍር የምታክል ቀይ ዓሣ ወድቃለች። ቀና ብሎ ሾፌሩን አየውና፣ ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጠው።