ወገቡ የታሰረ ሰባት

ጠመኔ ቆርቆሮ ላይ ሲጫር የሚያወጣው ያ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ሰሞኑን ተመልሶ መጥቷል። የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የግቢዬን በር ሰሌዳ አድርገው አስተማሪና ተማሪ ይጫወታሉ። እኔም የያዝኩትን ትቼ፣ ጆሮዬን አቁሜ፣ ልጄ ሜሮን አራተኛ ክፍል ወደነበረችበት ዓመት እመለሳለሁ።

የራሴን ልጅነት ብትጠይቁኝ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትምህርት ቤት ሳያሳየኝ አልፏል። የተማሪ ልጅነት ያገኘሁት ከሜሮን ደብተር ነው። ሰበታ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበርና፣ ከቀን ፈረቃ ስመለስ እጄን ታጥቤ፣ ልጄን ከፊቴ አስቀምጬ፣ የተማረችውን ከመጀመሪያው እንድትደግምልኝ አዛት ነበር። እሷ የምቆጣጠራት ይመስላት ነበር፤ እኔ ግን እማር ነበር። በመስከረም የአማርኛውን ምንባብ አብሬያት አነበብኩ። በጥቅምት በሒሳብ ዙሪያንና ስፋትን፣ በአካባቢ ሳይንስ አራቱን አቅጣጫዎች ያዝኩ፤ በኦሮምኛ ደግሞ ሃያ ዓመት በአፌ የማውቃቸው «ለፋ»ና «መና»፣ ማለትም መሬትና ቤት፣ በቁቤ ፊደል ሲጻፉ አየሁ። ያልገባኝን የምጠይቃት ፈተና አስመስዬ ነው። እኔ ያስተማርኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በፋብሪካው የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጥር ስንጽፍ አንድና ሰባት እንዳይምታቱ የሰባትን ወገብ በሰረዝ እናስር ነበር። መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም ብላ ስትከራከረኝ ተቆጣኋት፤ ከዚያ ወዲያ ሰባትን ወገቡን ሳታስር አትጽፍም ነበር።

ኅዳር ገብቶ ጤፉ ሲታጨድ ወሬው ከበደ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበታንም ቡራዩንም ሱሉልታንም ይጠቀልላል እየተባለ፣ ገበሬው ማጭዱን ይዞ የማያውቀውን መኪና ሁሉ በዓይኑ ይከተል ነበር። ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ማሳ፣ ሦስት እግር ባለው መሣሪያ የሚለኩ ሰዎች መጥተው፣ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄደዋል። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል መውጣት ጀመሩ፤ በጅማ መንገድ ጎማ ሲቃጠል ጭሱ እስከ ግቢያችን ይመጣ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሜሮን አስተማሪ በአካባቢ ሳይንስ የሰፈራችሁን ካርታ ሥሩ ብሎ የቤት ሥራ ሰጠ። አስተዋይ አባት ይህን ሲሰማ ሊደነግጥ ይገባው ነበር፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ልጅቱ በግምት ልትስል ስትቀመጥ ተቆጥቼ አስነሣኋት። ከፋብሪካ የተጣለ አሥር ሜትር ሲባጎ አምጥቼ፣ በየሜትሩ ቋጥሬ ሰጠኋት። አንዱን ቤት ሁለቴ እንዳትቆጥሪ ያለፍሽበት በር ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፊ ያልኳትም እኔው ነኝ። ልጅን ሥራሽን አጥርተሽ ሥሪ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አባት ዘመኑንም ማንበብ አለበት። እኔ ደብተር እንጂ ዘመን ማንበብ ገና አልተማርኩም ነበር። ጠመኔው ቀይ መሆኑን እንኳ አላየሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ የሰፈሩ ሰው በኦቦ ደበላ በር ላይ ተሰብስቦ አገኘሁ። ኦቦ ደበላ የዚያ የኋላችን ማሳ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሳይቆረቆር ጀምሮ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቆርቆሮ በራቸው ላይ በቀይ ቁጥር ተጽፏል፤ ወዲህና ወዲያ ባሉት በሮችም እንዲሁ። ገበሬዎቹ ለፈረሳ የተለካ ነው አሉ። ከሰሜን መጥተው ሱቅ የከፈቱት ደግሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእኛ ቤት ተለይቶ ምልክት ተደረገበት አሉ። ያ አንድ ጠመኔ ለሁሉም የየራሱን ፍርሃት ጻፈለት። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ያስለካን ሰው ከዚሁ ሰፈር ነው፤ እናገኘዋለን» አለ። ቀና ብዬ የኦቦ ደበላን ቁጥር አየሁ። ሰባት ነው። ወገቡ ታስሯል።

የልጄ ነው አላልኩም። ልጄን እውነቱን ተናገሪ እያልኩ በልምጭ ያሳደግሁ ሰው፣ እንደማንኛውም ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ከመሐላቸው ወጣሁ። ቤት ስደርስ ሜሮን ወለሉ ላይ ተንበርክካ ካርታዋን ቀለም ትቀባ ነበር። ባለቤቴ ዘነበች ነገሩን ስነግራት በሩን ዘጋች። «ወጣቶቹ ቀድመው ከደረሱበት ልጅ ናት ብንል ማን ይሰማናል? ሄደህ ለሽማግሌው ንገራቸው» አለችኝ።

ሰው ሲበተን ልጄንና ደብተሯን ይዤ ሄድኩ። ኦቦ ደበላ ሰምተውኝ ሲያበቁ «ኮቱ፣ ነይ» ብለው ሜሮንን በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

«እዚህ ጋ፣ ሰባት ቁጥር። ይሄ ዋንዛዎ ነው። ከዋንዛው እስከ ወንዙ ስምንት ሲባጎ ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

ሽማግሌው በጣታቸው የማሳቸውን ዳር ተከትለው ተከትለው ሳቁ። «አየህ የሜሮን አባት፣ ቢሮ ለቢሮ ተመላልሼ ያጣሁትን ካርታ ልጅህ በአንድ ቀን ሠራችልኝ።» የይዞታ ማረጋገጫውም በእኛ ዘንድ ካርታ ነው የሚባለው። ሳቃቸው ግን አልቆየም። «ወጣቶቹ ሳይመለሱ የበሮቹን ቁጥር አጥፉ። ይህንንም አቃጥለው። የልጅ ጨዋታ ነው ብል ይሰሙኛል፤ ወረቀት ካዩ ግን አይሰሙኝም።»

ሜሮን በእርጥብ ጨርቅ በሩን ሁሉ ወለወለች። ካርታውን ከደብተሩ ገንጥዬ ምድጃ ውስጥ ስከተው፣ «አባዬ፣ ሰኞ እኮ ነው የሚሰበሰበው» አለችኝ።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ከዋናው መንገድ በኩልም ተኩስ ሰማን። ብዙ ቆይቶ ሲከፈት ከክፍሏ ያልተመለሱ ልጆች ነበሩ። አስተማሪው ስለ እነሱ አልጠየቀም፤ የቤት ሥራውን ግን ጠየቀ። ሜሮን አልሠራሁም አለች፤ ዜሮም ተሰጣት። ይህን ያወቅሁት ክረምት ሲገባ ካርዷን ተቀብዬ ውጤቷ ለምን እንደወረደ ስጠይቃት ነው። ዋሽታ አታውቅም ነበር። ውሸትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷም እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ደህና አድርጋ ያዘችው።

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። መሬቱ ግን በዝምታ፣ ቁራሽ በቁራሽ ሄደ። ኦቦ ደበላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ተጂ ከተማ ወዳለው ልጃቸው ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን በሬን አንኳኩ። ዋንዛው ተቆርጧል፤ ወሰናቸው የት እንደነበር ማስረጃ አምጣ ተብለዋል። «ያቺ የልጅህ ካርታ ምናልባት ተርፋ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉኝ። አቃጥዬዋለሁ አልኳቸው። «አዎ» አሉ፤ «አቃጥለው ያልኩህ እኔ ነኝ።» በሩን ገጠም አድርገው ሄዱ።

ዛሬ ዋንዛው በነበረበት ፎቅ ቆሟል። ሜሮን አድጋ ሥራ ይዛለች፤ ሰባትን ወገቡን ማሰርም ትታለች። ልትጠይቀን ስትመጣ ስልኳን ከፍታ የቤታችንን ጣሪያ ከሰማይ ታሳየኛለች። ጣሪያው አለ፣ መንገዱ አለ፤ ከዋንዛው እስከ ወንዙ ስምንት ሲባጎ መሆኑ ግን የለም።

ያኔ ልጅ ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ እማር ነበር። አሁን የጠመኔውን ድምፅ ስሰማ፣ የጻፉት ምን እንደሆነ ሳላነብ፣ ጨርቅ አርጥቤ እወጣለሁ።