እግር ያለው ዓሣ

እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ጾም ነውና ሰቆጣ ውስጥ ከሐሙስ በፊት ቢላ የሚስል አልነበረም። ባለቤቴ ግን ስልኩ ላይ ምን አይቶ እንደሆነ እንጃ፣ «የጾም ዶሮ ወጥ እንሥራ» አለኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ አንድ ሐሳብ ከያዘው አይለቀውም።

«ከምን?»

«ከሽምብራ ዱቄት።»

እናቱ ለበዓሉ ከጋዝጊብላ መጥተው ነበርና በእንግዳ ፊት መከራከር አልፈለግሁም። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላሁ፣ በርበሬ ጨመርኩበት። ዱቄቱን አሽቼ ጭኑን ጭን፣ ክንፉን ክንፍ አስመስዬ ጠበስኩ። ለእንቁላሉ ድንች ቀቅዬ አድቦለቦልኩ፤ መሀሉን ፈልፍዬም በእርድ ቢጫ ያደረግሁትን ድንች ሞላሁበት። ባለቤቴ ጓሮ ተቀምጦ ከወይራ ጭራሮ አጥንት ይጠርብ ነበር።

«አጥንት የሌለውን ዶሮ ማን ያምናል?» አለ። ማን እንዲያምንለት እንደፈለገ አልጠየቅሁትም።

አማቴ ክዳኑን ገልጠው አዩ። መልሰው ከደኑትና ልጃቸውን በኸምጣኛ ያናግሩት ጀመር። ቋንቋው አይገባኝም፤ ድምፃቸው ሲወፍር ግን ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«እማማ፣ ሽምብራ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ሽምብራ ከሆነ እግር ምን ያደርግለታል?»

«እርስዎስ የሽምብራ ዓሣ ይሠሩ የለም እንዴ?»

«እሱማ ዓሣ ነው!» ብለው ተቆጡ። «ዓሣ የጥንት ነው። በረቡዕ ምድር ዶሮ መመኘት ግን ምን ይባላል? አፍሽ ባይበላ ልብሽ በልቶታል።»

ባለቤቴ ወጣ ብሎ ለሐሙስ ያሰርነውን አውራ ዶሮ አቅፎ ገባ።

«ይኸው እናቴ፣ በሕይወት አለ!»

ዶሮው ድስቱ አጠገብ ሲደርስ ጩኸቱን አቀለጠው። አማቴ አማተቡ።

የነፍስ አባታችን ቤት ሊባርኩ የገቡት እንዲህ እንዳለን ነው። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ጉዳያችንን አሰማን። አባ ነገሩ እስኪገባቸው ብዙ ታገሡ። በመጨረሻ አንድ ጭን እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ፤ አገላብጠው አይተው ገመጡት። ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን። አጥንቱን ከአፋቸው አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«ወይራ ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባታችን» አለ ባለቤቴ፣ የተመሰገነ መስሎት።

«ጥርሴን ልታወልቀው ነበር።» ጉንጫቸውን አሻሹ። «ምግቡስ የጾም ነው። የከፋው ስሙ ነው። እኔ በረቡዕ ዶሮ ብዬ አልባርክም።»

«ታዲያ ምን እንበለው?»

አማቴን ዘወር ብለው አዩና «ዓሣ በሉት» አሉ።

«እግር ያለው ዓሣ?» አመለጠኝ።

«የተከዜን ዓሣ ሁሉ አይተሽ ጨርሰሻል፣ ልጄ?»

አልጨረስኩም። አባ ዓሣውን ባረኩ። ገና አሜን ብለን ሳንጨርስ አማቴ ሳህናቸውን ዘረጉልኝ።

«ዓሣ ከሆነማ ጭኑን አምጪልኝ።»

ጨመርኩላቸው፤ ደገሙ። እንቁላሉን ሳወጣላቸው ግን በልቤ ፈራሁ።

«እንግዲህ ዓሣም ይጥላል» አሉና በእንጀራ ጠቀለሉት።

ወደ ጋዝጊብላ ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን ደወሉልኝ። ከኋላቸው የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ዱቄቱን በምን እንደማሽ፣ ሳይፈርስ እንዴት እንደምጠብሰው አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

«መስቀልም እኮ አርብ ነው የሚውለው» አሉ። «ሴቶቹ በግ እንሥራ ብለዋል። ላቱን ከምን ነው የምናደርገው?»

ስልኩን ለባለቤቴ አቀበልኩት።