ትራስ ስር የገባው ሳህን

ትናንት ለወንድሜ ልጅ ሰርግ የቤት ቀለም ልገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ሄጄ ነበር። ሻጩ ጣሳውን በጣቱ እያንኳኳ፣ «እናቴ፣ ይሄን ይውሰዱ፤ አዲስ ነው። ብርሃን ሲያገኘው መጥፎ ሽታ ያጠፋል» አለኝ። አጠገቡ ባለችው በርበሬ ሻጭ ጆንያ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ምኑን አስረዳዋለሁ!

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እማር ነበር። የታላቅ ወንድሜ ሰርግ ደርሶ፣ እንደ ሐረር ጀጎል ወግ ቤታችን ከላይ እስከ ታች በዘይት ቀለም ተቀባ። መስኮት የሌለው ቤት ነው፤ ብርሃንም አየርም የሚገባው በበሩ ብቻ። እናቴ ደግሞ አስም አለባት። ከቀለሙ የሚተነው ነገር ደረቷን ጠፍሮ ያዛት፤ ሲር ሲር የሚለው ትንፋሿ ግቢ ድረስ ይሰማል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ላይ ያለው አክስቴ ቤት እንድትከርም እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት።

«የልጄን ሙሽራ ሳልቀበል ከቤቴ ልውጣ? ወላሂ አላደርገውም!» አለች። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ይኸው።

በቤተ ሙከራ የምታገልበት አንድ ነጭ ዱቄት ነበረኝ፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። ብርሃን ሲያገኝ እንዲህ ያለውን ትነት ሰባብሮ ያጠፋል። ችግሩ፣ በደንብ የሚሠራው ፀሐይ ላይ ነው፤ የኛ ቤት ደግሞ ፀሐይ የሚባል አያውቅም። በአምፖል ብርሃንም እንዲሠራ ብዬ ብረት ቀላቀልኩበት። ከሸፈ። እንደገና ቀላቀልኩ፤ እሱም ከሸፈ። እህል አልቀምስ አልኩ፣ እናቴ እያለቀች ነው። በመጨረሻ አንዱ ቢጫማ ዱቄት ጠርሙስ ውስጥ የዘጋሁትን የቀለም ሽታ አጠፋልኝ። አልሃምዱሊላህ ብዬ አለቀስኩ።

የሐረር ቤት ግድግዳ በሳህን ያጌጠ ነው። የብረት ሳህኖቹን አውርጄ ዱቄቱን ቀባኋቸው፣ በከሰል እሳት አጋልኳቸው፣ መልሼ ሰቅዬ አምፖል አበራሁባቸው። በማግስቱ ትንፋሿ ቀለል ያለ መሰለኝ። የምር ይሁን ምኞቴ፣ እስከዛሬ አላውቅም።

ተጨማሪ ዱቄት ልሠራ ወጥቼ ስመለስ አፎቻዎቹ፣ የእናቴ የሴቶች ማኅበር አባላት፣ ቤቱን ሞልተውታል። ከሰርግ በፊት የግድግዳውን ሳህን ሁሉ አውርደው ማጠብ ወጋቸው ነው። ሳህኖቹ እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ፤ ዱቄቴ ተፈግፍጎ ሄዷል። ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ? የሙሽራ ቤት ሳህን አቧራ ለብሶ ይቅር ወይ?» አሉኝ።

እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና በእጇ ጠራችኝ። «አይዞሽ» አለች፣ ቃሉ እየተቆራረጠባት። «አንዱን አስቀርቼልሻለሁ። እንዳያጥቡብኝ ትራሴ ስር ደበቅኩት። መድኃኒትሽ እኔው ጋ ነው።»

ትራስ ስር! ያለ ብርሃን እኮ ተራ ሳህን ነው። ላወጣው ስል እጄን ያዘችኝ። «ተዪው ልጄ፤ ከሱ ጋ ሆኜ ነው የሚሻለኝ።» ከዚያ ወዲያ ማን ይነጥቃታል? አንድ ሳህን ብቻውንስ ያን ቤት የት ይችለዋል? ተውኩላት።

ሙሽራዋን ተቀበለች፤ መረቀቻት። የሰርጉ ድንኳን ሳይነሳ ለቅሶ ተቀመጥንበት።

ቀለሙን ገዛሁት፤ የተባለውን ይሥራ አይሥራ አላህ ይወቅ። ነገ አፎቻዎቹ ሳህን ሊያጥቡ ይመጣሉ። ዛሬ ጠዋት ያንን ቢጫ ሳህን ከሳጥኔ አውጥቼ በሩ ትይዩ ሰቀልኩት፤ የሚነካው ሰው ወዮለት! አሁን ብርሃን እንደ ልቡ ያገኛል። እማዬ ግን የለችም።