ለታደሰ እናት የተረጎምኩት

ጂንካ፣ ቤቴ አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት ስም ሲጠራና ልጆቹ «አቤት» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ካኮ የምትባለው የአሪ መንደር ትዝ ትለኛለች። በደርግ ጊዜ አባቴ እዚያ መምህር ነበር። ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ፍለጋ ቤት ለቤት ሲዞር፣ አሪኛ ስለማይችል፣ ቋንቋውን ከጎረቤት ልጆች የለመድኩትን እኔን የዘጠኝ ዓመቷን ልጁን ለአስተርጓሚነት ይወስደኝ ነበር።

አንድ ቀን ታደሰ ወደሚባል ጎበዝ ተማሪው ቤት ሄድን። እናቱ እንሰት ሲፍቁ ቆይተው፣ እጃቸውን በቅጠል እየጠረጉ መጡ። የእንሰቱ ጠረን አብሯቸው መጣ።

«ስሙ መዝገብ ላይ ካለ ለጦርነት ይወስዱታል። እንደማይወስዱት መምህሩ ይማሉልኝ» አሉኝ።

ተረጎምኩለት። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ትምህርት ይጠቅመዋል በያቸው» አለኝ።

ታደሰ እንዲመጣ ፈልጌ ነበር። «አይወስዱትም፤ ምያለሁ ብሏል» አልኳቸው።

ታደሰ በማግስቱ ክፍል ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ታጣቂዎች ከትምህርት ቤት ወሰዱት። እናቱ ደጃችን መጥተው አባቴን እያዩ በአሪኛ ጮኹበት።

«ምን እያሉ ነው?» አለኝ።

«ልጄ ናፈቀኝ ነው የሚሉት» አልኩት።

ታደሰ ሳይመለስ ቀረ። አባቴም አምና አረፈ፤ በእኔ አፍ ምን ብሎ እንደማለላቸው ሳያውቅ።