የቡና አበባ ሻይ

ጅማ ውስጥ ሻይ እሰበስባለሁ ብሎ ለሰው መናገር ያሳፍራል። እኛ ዘንድ ሻይ ለቁርስ ነው፤ ካልሆነም ለታመመ ሰው ነው። እኔ ግን ከሃያ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የሻይ ቅጠል እሰበስባለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ የቀመስኩትንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ይህን ያስለመዱኝ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲቀምሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የቡና መመርመሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ከየገጠሩ ከሚመጣው ቡና ናሙና ይወሰዳል፤ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በየስኒው ሙቅ ውሃ ይፈስበታል። ሦስት ቀማሾች ጠረጴዛውን ከበን በማንኪያ ፉት እያልን እንተፋለን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን በየወረቀታችን ነጥብ እንሰጣለን። ናሙናው ላይ ቁጥር እንጂ የባለቤቱ ስም አይጻፍም። ሰው ዓመት ሙሉ የደከመበት ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ በሦስት አፍንጫ ይፈረድበታል።

ከሦስታችን አንጋፋው ከከተማው በላይ ያለው የጅሬን ኮረብታ ሰው ነበሩ። አያታቸውም አባታቸውም እዚያው ኮረብታ ላይ ኖረው ነው ያለፉት። ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ኢንተላ ኮ ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ መጥቶ ቦሳ ኪቶ በሚባለው የከተማው ሰፈር ቤት ሠርቶ የቀረ ሰው ነበር። እኔ በተቀጠርኩ በዓመቱ ሞተ። ጋሼ ለቅሶ ሊደርሱ መጡና ሊሄዱ ሲነሱ በር ላይ ቆም ብለው፣

«እሁድ ቤት ነይ። የማሳይሽ ነገር አለ» አሉኝ።

ሄድኩ። ከሳሎናቸው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ላይ አራት ረድፍ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የማርማላታ ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፤ ሁሉም በደንብ የተከደነ፣ ሁሉም ላይ በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት የተለጠፈበት። በሙሉ ሻይ ነበር። ከሐጅ የተመለሱ ጎረቤቶች ያመጡላቸው የጽጌረዳ ቅጠል ያለበት ሻይ፣ ከጅዳ የመጣ ሄል የተቀላቀለበት፣ መንገድ ሊሠራ ከመጣ ቻይናዊ መሐንዲስ ያገኙት አረንጓዴ ቅጠል፣ ከኢሉባቦር እርሻ የመጣ ምንም ያልተነካካ ጥቁር ሻይ። ቀሪውን ራሳቸው የቀመሙት ነው፤ በደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ በኮረሪማ፣ በጠጅ ሣር፣ በጦስኝ።

«ቡና እንጀራዬ ነው» አሉኝ። «እንጀራ ሲሆን ደግሞ ትፈርጂበታለሽ እንጂ አትጠጪውም። ሻይ ላይ ማንም ፍርድ አይጠይቀኝም።»

ባለቤታቸው በራዱን ይዘው ገቡ። በሰፈሩ ልማድ አዴ እላቸዋለሁ። ጋሼ ከአንዱ ጣሳ ቆንጥረው ውሃ ካፈሰሱበት በኋላ ሰዓታቸውን አይተው ጠበቁ፤ ከዚያ አጥልለው በትንሽ ብርጭቆ ሰጡኝ። ቀመስኩና እንደ ቢሮው ልማድ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይከብዳል» አልኩ።

«ጥሩና መጥፎውን ተይው። ምን አስታወሰሽ?»

ጭስ ጭስ ይላል። ጥቂት አሰብኩና፣ «አባቴ ደዶ ለሥራ ሄዶ በዝናብ ሲመለስ ኮቱን ምድጃ ዳር ይሰቅለው ነበር። የዚያ ኮት ሽታ» አልኩ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ። ጋሼ ደብተር አወጡና ከሻዩ ቁጥር ጎን «በዝናብ የራሰ ኮት፣ ምድጃ ዳር» ብለው ጻፉ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ እሄድ ጀመር። ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ በእግሬ ጅሬንን እወጣለሁ። በረመዳን ብቻ እናቋርጣለን። በአንድ ቀን ከሦስት ዓይነት በላይ አንቀምስም። እኔም የራሴን ጣሳዎች መሰብሰብ ጀመርኩ። አጋሮ ለሥራ ስሄድ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ቅጠል እጠይቃለሁ፤ ሊሙ ገነት አንዲት ሴት ዘንድ ከቅርንፉድና ከሎሚ ልጣጭ ጋር ታሽጎ የከረመ ሻይ አግኝቼ ያመጣሁ ዕለት ጋሼ እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

የሁለታችን ትልቁ ሥራ ግን የቡና አበባ ሻይ ነበር። የቻይናዊው ሻይ በአበባ ሽታ የተሠራ መሆኑን ካወቁ በኋላ ጋሼ፣ «የኛ አበባ ከዚህ በምን ያንሳል?» አሉ። ከበልግ የመጀመሪያ ዝናብ በኋላ ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። አበባውን ከዛፉ መቅጠፍ ፍሬውን መግደል ስለሆነ፣ ጠዋት በጓሯቸው ባሉት የቡና ዛፎች ሥር አንሶላ አንጥፈን የሚረግፈውን እንለቅማለን። ከዚያ በሳጥን ውስጥ አንድ ረድፍ አበባ፣ አንድ ረድፍ የሻይ ቅጠል። በማግስቱ አበባውን አበጥረን አውጥተን አዲስ እንጨምራለን። በመጨረሻ ቅጠሉን ሰፌድ ላይ አስጥተን ለስላሳ የከሰል ፍም ላይ እናደርቃለን። ማድረቁ ነው ከባዱ። ቢበዛ የአበባው ሽታ ይጠፋል፤ ቢያንስ ይሻግታል። ልኩ የሚታወቀው በሽታ ብቻ ነው፤ ጋሼ ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብለው ይቆዩና «አሁን» ይላሉ። አንድም ዓመት አልተሳሳቱም።

በተቀጠርኩ በሰባተኛው ዓመት ክረምት ላይ ከባድ ትኩሳት ያዛቸው። ወር ሙሉ ተኝተው፣ መስከረም ላይ ከስተው ወደ ሥራ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ከእኔ በስተቀኝ መቆም ጀመሩ። ከመጻፋቸው በፊትም ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን ይመስልሻል?» ይሉኛል። ከሠላሳ ዓመት ቀማሽ ይህን መጠየቅ ለእኔ ክብር ነበር። ኮራሁበት።

የዚያን ዓመት አበባ ሲመጣ እኔ ለሥልጠና አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ሻዩን ብቻቸውን ሠሩት። ሚያዝያ ላይ ተመልሼ እሁድ ሄድኩ። ጣሳውን ከፍተው አቀረቡልኝ። ክዳኑ ሲነሳ የመጣው ሽታ የአበባ አልነበረም። ሻጋታ ነበር፤ ዝናብ የገባበት ጎተራ ሽታ። የሚቀልዱ መሰለኝና ቀና ብዬ አየኋቸው። ጋሼ ጣሳውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በረጅሙ ሳቡት።

«ዘንድሮ ከሁሉም ዓመት በለጠ» አሉ።

አዴ በራዱን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እሳቸው ቀድመው አቀረቀሩ። ሻዩ ተቀዳ። ጠጣሁት። «አዎ ጋሼ፣ ጥሩ ነው» አልኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

አዴ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«ከትኩሳቱ ወዲህ ነው» አሉኝ። «ወጡ ሲያርር አይሰማውም። ሳሙናና ሽቶ አይለይም። እኔም የማላውቅ እመስላለሁ። ጡረታው ሁለት ዓመት ነው የቀረው ልጄ።»

ቁልቁለቱን ስወርድ መስከረም ላይ በቀኜ የቆሙት ለምን እንደሆነ ገባኝ። ምላሳቸው መራራውን፣ ጎምዛዛውንና ጣፋጩን ይለያል፤ ሽታውን ግን ከእኔ ወረቀት ነበር የሚወስዱት። እኔ ከተሳሳትኩ ሁለት ሰው ተሳሳተ ማለት ነው። እኔ በሌለሁባቸው ሳምንታትስ በምን እንደፈረዱ ማን ያውቃል?

ሰኞ እናገራለሁ ብዬ ሄድኩ፤ አልተናገርኩም። ማክሰኞም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት እሁድ ግን፣ አዴ ገበያ ሄደው ሳለ፣ የተሻገተውን ጣሳ አንስቼ መሐላችን አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሻይ ሻግቷል።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ያለ ኮፍያ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«መቼ አወቅሽ?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት።»

«ለኃላፊው ትነግሪዋለሽ?»

«እርስዎ ይነግሩታል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አላህ ይመልስልኛል እያልኩ ነው» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ሚስማር የሚያህል ቅርንፉድ አፍንጫዬ ውስጥ ልክተት ምንም አይቀረኝ። ዛሬ ይሸተኛል፣ ነገ ይሸተኛል እላለሁ። አፍንጫዬ ከሄደ እኔ ምንድን ነኝ? ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። ምሕረት ነው ብዬ ነበር የሰጠሁት፤ የሌላ ሰው ቡና ላይ የሚሰጥ ጊዜ መሆኑን እያወቅሁ። ሌላ ሦስት ሳምንት ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የሸተተኝን እናገር ጀመር፤ እንዲሰሙኝ። ሦስተኛው ቀማሽ ዝም እንድል ሁለት ጊዜ ተቆጣኝ።

ሰኔ ላይ አንድ ናሙና አከራከረን። ሦስተኛው ቀማሽ ሻጋታ አለበት አለ። እኔ የለበትም አልኩ፤ ግን ሽታው ከተሻገተው ሻይ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ በራሴም አልተማመንኩም። ኃላፊው ወደ ጋሼ ዞረ።

«እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ» አላቸው።

ጋሼ ስኒውን አንስተው አሸተቱ። አዩኝ። ፊቴ ላይ መልስ እንደሚፈልጉ አውቄ መሬት መሬቱን አየሁ። ስኒውን አስቀመጡ፤ ማንኪያቸውን በጨርቅ ጠርገው ከስኒው ጎን አስተኙት።

«እኔን አትጠይቀኝ። አፍንጫዬ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው» አሉ።

ኃላፊው መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ሲገባው፣ «ይህን የሚያውቅ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ «የለም» አሉ። እኔ «አውቅ ነበር፤ ስድስት ሳምንት ሆነኝ» አልኩ።

ከሌላ ቦታ ቀማሽ ተጠርቶ ናሙናው እንደገና ተቀመሰ። ቡናው ንጹሕ ነበር። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ይገባኝ ነበር። ጋሼን ጡረታቸው እስኪደርስ ናሙና መቁላት ላይ አደረጓቸው፤ የቡና መብሰል በመልክና በድምፅም ይታወቃልና። ቢሮ ውስጥ የሚያሾፍባቸው አልጠፋም። በዚያ ዓመት ያለ ጥፋቱ የቡናው ደረጃ የወረደበት ሰው ይኖር ይሆናል። ካለም ስሙን አላውቅም፤ ቁጥር ብቻ ነበር የምናየው። ይቅርታ ልጠይቀው የማልችለው ሰው እሱ ነው።

ሁለት ወር ጅሬን ሳልወጣ ቀረሁ። መሬት መሬቱን ማየቴ ከበደኝ፤ ክጃቸው ይሁን አድኛቸው እስከዛሬ አልለየሁትም። አንድ ቅዳሜ አዴ ራሳቸው ቦሳ ኪቶ ድረስ መጡ። ውሃ እንኳን ሳይጠጡ፣

«ነገ ነይ» አሉኝ። «እሁድ በመጣ ቁጥር ሰውዬው ሦስት ብርጭቆ ያወጣል፣ አንቺ ስትቀሪ ይመልሳል። እኔ ይህን ማየት ሰልችቶኛል።»

ሄድኩ። ጋሼ ምንም እንዳልተፈጠረ ውሃ አስጥደው ነበር። ሻዩን ለእኔ ቀድተው፣ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ ያዙ።

«አንቺ ጠጪ፣ እኔ ልጻፍ። ግን እንዳትዋሺኝ። አንድ ጊዜ ዋሽተሽኛል።»

ያን ውሸት እስካሁን እንደያዙብኝ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ጠየቁኝ፤ በእኔ አፍንጫ ተደብቀው ስለኖሩበት ወራት። ከዚያ ሥራችንን ቀጠልን። ስምንት ዓመት ያህል እኔ ጠጣሁ፣ እሳቸው ጻፉ። «አበባ» ብል አይበቃቸውም፤ «ያደረ ነው የዛሬ? ጥላ ሥር ያለ ነው ፀሐይ የመታው?» ይሉኛል። ከመናገሬ በፊት ሦስቴ ማሰብ የለመድኩት ያኔ ነው። ለራሳቸው ዝንጅብል የበዛበት ይጠጡ ነበር። «ይሄ ያቃጥለኛል፤ ቢያንስ ሲመጣና ሲሄድ ይታወቀኛል» ይሉ ነበር። የቡና አበባውን ሻይ ስንሠራ፣ ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብዬ «አሁን» የምለው እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት አበላሸሁት። በሦስተኛው ተሳካልኝ።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ አረፍ ባሉበት ሞቱ። በዚያው ቀን ተቀበሩ። ለቅሶው ቤት ሰው ሞላ፤ ከአጋሮም ከደዶም መጣ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አዴ ጓዳ ጠሩኝ። ትልቁ ድስት ተጥዷል፣ የቤቱ ሻይ ቅጠል አልቋል።

«ጣሳዎቹን አውርጃቸው» አሉኝ።

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም። ሰው መጥቷል። ለማን ነው የምናስቀምጠው?»

ላግዳቸው አስቤ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ወንበር ላይ ወጥቼ ከላይኛው ረድፍ ጀምሬ አወረድኩ። የጽጌረዳውን፣ የጭሱን፣ የሊሙን፣ የአበባውን፤ በዚያው በትልቁ ድስት በየተራ አፈላናቸው፣ ስኳር በዛባቸው፣ በትሪ እየዞሩ ተጠጡ። ሰው እያወራ፣ ቁርአን እየተቀራ፣ ማንም ምንም አላለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ብርጭቆውን ሲመልሱልኝ፣ «ይሄ ሻይ ምን አለበት?» አሉኝ።

«የቡና አበባ።»

«ማሻአላህ» አሉ። «አንድ ልድገም» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ጣሳዎቹን ከአዴ ጋር አጥበን አጥሩ ላይ ደፋናቸው። የጎረቤት ሴቶች ለጨውና ለበርበሬ አንድ አንድ ወሰዱ። ደብተሩን አዴ ለእኔ ሰጡኝ። ሰኞ ሥራ ገባሁ።