ፈረሱ የት ይሄዳል?

አያቴ ዳማ ፈረሳቸውን የሰጡኝ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከሚሴ ከተማ ካለው ትምህርት ቤት ስመለስ ፈረሱን ጭነው ደጅ ይጠብቁኛል፤ ልጓሙን ግን አይለቁም።

«ኮቱ» ይሉኛል በኦሮምኛ፤ «ነይ እስቲ። ዛሬ ምን ተማርሽ?»

እሳቸው እስኪገባቸው ካላስረዳሁ ኮርቻ ላይ መውጣት የለም። ቅጠል ከፀሐይ ምግብ እንደሚሠራ ማሽላቸውን እየነካሁ ያስረዳሁት ለዚያ ፈረስ ስል ነው። ሒሳቡ የተምታታብኝ ዕለት ኮርቻውን አወረዱና «ነገ አስተማሪሽን ጠይቂ፤ ፈረሱ የት ይሄዳል?» አሉኝ።

ሄደ እንጂ! አያቴ ሞተው የሰደቃቸው ድንኳን ሳይነቀል አጎቴ ፈረሱን ሰንበቴ ገበያ ወስዶ ሸጠው። «ፈተና ደርሶብሻል፤ ፈረስና ትምህርት አብሮ አይሆንም። ተገላገልሽ፣ አርፈሽ አጥኚ» አለኝ። ለቅሶ የተቀመጡትም «እውነቱን ነው» አሉ። እውነቱን! ከመካከላቸው ደብተሬን አንድ ቀን ገልጦ ያየ አለ? ያስጠናኝ የነበረው እኮ ያ ፈረስ ነው!

አላህ ይዘንላቸው፣ ልጓሙ እስካሁን ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ትናንት ከትምህርት ቤት ስገባ አጎቴ እሳቸው ይቆሙበት በነበረው ደጅ ተቀምጦ ነበር። «በሩን ዝጊው» አለኝ እንጂ ምን እንደተማርኩ አልጠየቀኝም።